ሶፋ ላይ ሆኖ በገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ጌም መጫወት፦ ከዶንግሉ ቦታ እስከ ጭን ሰሌዳው

ጠረጴዛ ላይ ያለ ምንም እንከን ሲሠራ የኖረ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ወደ ሳሎን ተወስዶ ከትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሶፋ ላይ ሲያርፍ ጠባዩ ይለወጣል። ጠቋሚው ይንገጫገጫል፣ የተጫኑት ቁልፍ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ የቀኝ ትከሻ መቆጥቆጥ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ጥፋቱን በዕቃው ላይ ጥሎ የበለጠ ውድ የሆነ ኪቦርድና ማውስ ፍለጋ ይወጣል። እኔ ከራሴ ሙከራ የተረዳሁት ግን ሶፋ ላይ የሚጫወት ሰው ጨዋታ በአብዛኛው የሚበላሸው ዶንግሉ (የኪቦርዱንና የማውሱን መልእክት የሚቀበለው፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ) በተሰካበት ቦታና ከማውሱ ሥር ባለው ገጽ ምክንያት መሆኑን ነው፤ ሁለቱንም ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ለእነዚህ ለሁለቱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ፤ የቀሩትን እንደ ክብደታቸው እያየሁ አልፋቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የሚጫወቱበት መሣሪያ ኪቦርድና ማውስ መቀበሉን ያረጋግጡ

ኮምፒውተርዎን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው የሚጫወቱ ከሆነ ይህን ደረጃ ይለፉት። ኮንሶል ላይ ለሚጫወት ሰው ግን ከግዢ በፊት ማጣራት የሚገባው ነገር አለ። ኤክስቦክስ ዋን በጌም ውስጥ ኪቦርድና ማውስ መጠቀምን የፈቀደው በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ገደማ ማለትም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2018 ሲሆን፣ የሚቀበለውም በዩኤስቢ የሚሰኩትን ማለትም ባለገመዶቹንና የራሳቸው ዶንግል ያላቸውን ገመድ አልባዎች ብቻ ነው፤ ብሉቱዝ ብቻ ያለው ኪቦርድ ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም። ፕሌይስቴሽን 5 በአንጻሩ ሁለቱንም መንገድ ይቀበላል።

ኮንሶሉ ተቀበለ ማለት ጌሙም ይቀበላል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ጌም በሠሪው በኩል ድጋፉ ሊጨመርለት ይገባል፤ ፎርትናይትን የመሰሉ ጌሞች ይህ ድጋፍ ሲኖራቸው፣ ብዙ ጌሞች ግን ኪቦርዱን ስም ለመጻፍ ብቻ ይጠቀሙበትና ሌላውን ሁሉ ከጌምፓድ (በሁለት እጅ ከሚያዘው የኮንሶሉ መቆጣጠሪያ) ይጠብቃሉ። ማውስን እንደ ጌምፓድ አስመስለው ወደ ኮንሶሉ የሚያቀርቡ መካከለኛ መሣሪያዎች በገበያ ላይ አሉ፤ ነገር ግን አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጥረው አካውንት ስለሚዘጉ ከሌሎች ጋር ለሚጫወት ሰው አልመክራቸውም።

ደረጃ 2፦ ዶንግል ወይስ ብሉቱዝ፣ ይወስኑ

ሁለቱም የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው የራዲዮ ሞገድ ነው። ልዩነታቸው መልእክቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያደርሱ ነው። ጥሩ የጌም ማውስ በራሱ ዶንግል ሲገናኝ በሰከንድ 1000 ጊዜ ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ ይህም በየ1 ሚሊሰከንዱ አንድ መልእክት ማለት ነው። ዝቅተኛ ኃይል የሚጠቀመው ብሉቱዝ ግን በተለመደው አሠራሩ በሁለት መልእክቶች መካከል ቢያንስ 7.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሞገዱ በተጨናነቀበት ቤት ደግሞ አንዱ መልእክት ሲጠፋ የሚቀጥለው እስኪመጣ ያለው ክፍተት በዓይን ይታያል።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ተኩስና ፍጥነት ላለበት ጌም ዶንግል ይጠቀሙ፤ ተራ በተራ ለሚጫወቱት የስትራቴጂ ጌምና ለፊልም ማየት ብሉቱዝ በቂ ነው። ሁለቱንም የያዘ ዕቃ ከተገኘ ግን ዶንግሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት ባለው የባዮስ ገጽ ላይ የብሉቱዝ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታወቅ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክኮ ባለገመድ ኪቦርድ ከመሰካት ያድናል።

ደረጃ 3፦ ዶንግሉን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያውጡት

አንድ ምሽት የምመራው ገጸ ባሕርይ እጄን ከቁልፉ ላይ ካነሳሁ በኋላም ወደ ፊት መሄዱን ቀጥሎ ከግድግዳ ጋር ሲጋፋ አየሁት። ቁልፉ የተጣበቀ መስሎኝ ነቅዬ አጸዳሁት፣ ባትሪም ቀየርኩ፤ ሆኖም ምንም ለውጥ አልነበረም። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ፣ ፋይል ለመገልበጥ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰክቼው የነበረውን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ስነቅል ነው፤ ችግሩ በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ዶንግሉና የሃርድ ዲስኩ ገመድ ጎን ለጎን ተሰክተው ስለነበር፣ «ቁልፉ ተለቋል» የሚለው መልእክት ከኪቦርዱ ቢወጣም ዶንግሉ ዘንድ በወቅቱ አይደርስም ነበር።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በዩኤስቢ 3.0 ገመድና መሰኪያ ውስጥ መረጃው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ሲፈስ የሚፈጠረው የራዲዮ ረብሻ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውንም ሞገድ ይሸፍናል፤ ኢንቴል ራሱ ይህንን በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ አብራርቶታል። ከሶፋው 3 ሜትር ርቆ የሚናገረው የኪቦርዱ ድምፅ ደካማ ሲሆን፣ ከዶንግሉ 2 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው የሃርድ ዲስኩ ጫጫታ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ጆሮው ሥር ከበሮ እየተመታበት ከማዶ የሚያንሾካሹክን ሰው ለመስማት እንደሚሞክር ሰው ነው ዶንግሉ የሚቸገረው።

ጠረጴዛ ላይ ይህ ሁሉ የማይታየው ማውሱና ዶንግሉ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ስለሆኑ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ርቀቱ ይጨምራል፣ ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥኑ በተቀመጠበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ዶንግሉ ደግሞ ከብረት ሣጥኑ ጀርባ ግድግዳውን አይቶ ይሰካል። የሰው አካልም ውኃ የበዛበት በመሆኑ ይህን ሞገድ በቀላሉ ይውጠዋል፤ እግርዎን አነባብረው ሲቀመጡ ወይም ሌላ ሰው ከፊትዎ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ማውሱ ቢንገጫገጭ አይገረሙ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ተራ የዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ገመድ ይያዙ፤ ለኪቦርድና ለማውስ ከዚያ የሚበልጥ ፍጥነት አያስፈልግምና የ3.0 ገመድ አይግዙ። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጥቁር ወይም ነጭ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ጋር ያገናኙ፤ ሰማያዊዎቹ ቀዳዳዎች በአብዛኛው የ3.0 ናቸው። ከዚያም ዶንግሉን በገመዱ ጫፍ ሰክተው ቴሌቪዥኑ ባለበት ጣውላ የፊት ጠርዝ ላይ፣ ሶፋውን በቀጥታ በሚያይ ቦታ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ያስይዙት። ገመዱ እስከ ሶፋው ሥር ወይም እስከ መሃለኛው ጠረጴዛ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ሰው የማይረግጠው መሆኑን ብቻ ይመልከቱ። ለኪቦርዱና ለማውሱ ሁለት የተለያዩ ዶንግሎች ካሉዎት ጎን ለጎን አያጣብቋቸው፤ ቢያንስ አንድ ጋት ያህል ያራርቋቸው።

የቤቱ ዋይፋይም በዚሁ ሞገድ ላይ ይጋፋል። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ የሚያሰራጭ ከሆነ የሚጫወቱበትን ኮምፒውተርና ቴሌቪዥኑን ወደዚያ ያዛውሩ፤ ከተቻለም ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ገመድ ያገናኙት። ራውተሩ ከዶንግሉ አጠገብ ከተቀመጠ ከ1 ሜትር በላይ ያርቁት።

ሥራዎ መሳካቱን ለማየት ሶፋው ላይ በሚጫወቱበት አቀማመጥ ተቀምጠው ማውሱን ለግማሽ ደቂቃ ያህል በዝግታ በክብ ያዙሩት። ጠቋሚው ክቡን ለስላሳ አድርጎ ከተከተለ ጥሩ ነው፤ እየቆመ የሚዘል ከሆነ ዶንግሉን አንድ ጋት ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አንቀሳቅሰው እንደገና ይሞክሩ። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከግድግዳና ከብረት እየተንጸባረቀ በሚፈጥራቸው ደካማ ቦታዎች ምክንያት ትንሽ ፈቀቅ ማለት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጭን ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ሰሌዳ ያዘጋጁ

ማውሱን በሶፋው ልብስ ላይ መግፋት የሚሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ምን እንደሚሆን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። የማውሱ ሴንሰር ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ፎቶ እያነሳ፣ በሁለት ፎቶዎች መካከል ገጹ ምን ያህል እንደፈቀቀ ያሰላል። የሶፋው ጨርቅ ከስፖንጁ ላይ ላላ ብሎ ስለተቀመጠ ማውሱን ሲገፉት መጀመሪያ ጨርቁ አብሮት ይሄዳል፤ ሴንሰሩም ገጹ ባለበት እንዳለ ያያልና ጠቋሚው አይነቃነቅም። ጨርቁ ሲወጠርና ሲያመልጥ ግን ማውሱ በአንድ ጊዜ ይንሸራተታል፣ ጠቋሚውም ይወረወራል። ተጫዋቹ «ማውሱ ይዘላል» የሚለው ይህንን ነው። ጸጉራም በሆነ ብርድ ልብስ ላይ ደግሞ በሴንሰሩና በገጹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ብዙ ማውሶች «ከጠረጴዛው ተነስቻለሁ» ብለው መቁጠር ያቆማሉ።

ለዚህ ሲባል ተዘጋጅተው የሚሸጡ የጭን ሰሌዳዎች አሉ፤ ኮርሴርና ሮካትን የመሰሉ አምራቾች ኪቦርድ የሚገጠምባቸውን ወይም ኪቦርድ አብሮ የተሠራላቸውን ሠርተው አቅርበዋል። በእጅ የተሠራው ግን አያንስም፤ እንዲያውም ለራስዎ ጭንና ለራስዎ ኪቦርድ ስለሚለካ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የሚያስፈልገው ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ጣውላ፣ ጠንከር ያለ የጨርቅ ማውስ ፓድ፣ ስስ ስፖንጅ፣ ሁለቱም ጎኑ የሚያጣብቅ ፕላስተርና የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ልኩን ከኪቦርዱ ይነሱ። የቁጥር ክፍል ያለው ሙሉ ኪቦርድ ወደ 44 ሳንቲ ሜትር፣ የቁጥር ክፍል የሌለው ወደ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ ባለ61 ቁልፍ ደግሞ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በዚህ ላይ ለማውሱ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩና ጠርዞቹን ያስቡ፤ የቁጥር ክፍል ለሌለው ኪቦርድ 65 በ28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ይበቃል። ሙሉው ኪቦርድ ሰሌዳውን ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚያደርሰው የሶፋው መደገፊያ ክንድ ይገፋዋል። ከመቁረጥዎ በፊት በካርቶን ቆርጠው ጭንዎ ላይ ይሞክሩት፤ እኔ ይህን ሳላደርግ የመጀመሪያውን ሰሌዳ 5 ሳንቲ ሜትር አስረዝሜ ቆርጬው ከሶፋው ክንድ ጋር ሲጣላ ኖሯል።

ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልሱ፤ በተለይ ወደ ሆድዎ የሚዞረው ጠርዝ የእጅ አንጓ የሚያርፍበት ስለሆነ ክብ እስኪል ድረስ ይፈጉት። የማውስ ፓዱን በቀኝ በኩል በፕላስተር አጣብቁ፤ ግራ እጀኛ ከሆኑ በግራ። በማውሱ በኩል ባለው የውጭ ጠርዝ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ጠባብ ጣውላ ይምቱ፤ ለመጠጣት ወይም በር ለመክፈት ሰሌዳውን ዘንበል ባደረጉ ቁጥር ማውሱ ወለል ላይ እንዳይከሰከስ የምታድነው እርሷ ናት። ከኪቦርዱ ሥር ሁለት የፕላስተር ቁራጮች ካደረጉ ደግሞ ኪቦርዱ አይንሸራተትም።

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። ብዙ ሰው ሰሌዳውን ለምቾት ብሎ ወፍራም ትራስ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህ ስህተት ነው። ግራ እጅ ቁልፍ ሲመታ ትራሱ በግራ ይጎደጉድና የቀኙ ጎን ብድግ ይላል፤ ማውሱም ሳይነኩት ይንቀሳቀሳል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ማውሱን ፓዱ ላይ ይተዉት፣ በስክሪኑ ላይ ጠቋሚውን እያዩ የስፔስ ቁልፉን ጠንከር አድርገው አሥር ጊዜ ይምቱ። ጠቋሚው ከተነቃነቀ ሰሌዳው እየተወዛወዘ ነው፤ በጌም ውስጥም በዘለሉ ቁጥር ዒላማዎ ይስታል ማለት ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ሁለቱ ጭኖች በሚያርፉበት ቦታ ብቻ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠጣር ስፖንጅ በሁለት ረድፍ ይለጥፉ። ጭኖች ሰሌዳውን በሁለት ቦታ ሲደግፉት ሚዛኑ ይጠበቃል፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ክፍተትም አየር ስለሚያስገባ ጭን አያልብም።

የመስታወትና የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ሴንሰሩን ስለሚያደናግር ያለ ፓድ አይጠቀሙበት።

ደረጃ 5፦ ኪቦርዱን ይምረጡና በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጡት

ከላይ ካለው ልክ እንደሚታየው የቁጥር ክፍል የሌለው ኪቦርድ ለሶፋ ይበልጣል፤ ማውሱን ወደ ሰውነት ያቀርበዋልና። የመዳሰሻ ሰሌዳ አብሮ የተሠራለት ቀጭን የሳሎን ኪቦርድ ለፊልምና ለኢንተርኔት ጥሩ ሆኖ ሳለ ለጌም ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ብዙ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ አንዱን ይጥላሉ።

ይህንን መሞከር ይቻላል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ኦን ስክሪን ኪቦርድ ይክፈቱና ደብልዩ፣ ኤ፣ ሺፍትና ስፔስ የተባሉትን ቁልፎች አብረው ይጫኑ፤ ወደ ጎን እያዘነበሉ እየሮጡ መዝለል ማለት ይህ ነው። አራቱም በስክሪኑ ላይ አብረው ቀለማቸው ከተለወጠ ኪቦርዱ ይበቃዎታል፤ አንዱ ከቀረ ግን የሚቀርበት ቁልፍ ጥምረት ለጌምዎ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን ይዩ።

ሰሌዳው ላይ ሲያስቀምጡት መሃሉን ከእምብርትዎ ጋር አያስተካክሉ። የሚጫወተው የግራ እጅ ያለው ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስና ዲ ላይ ስለሆነ እነዚህ አራት ቁልፎች ከግራ ትከሻዎ ትይዩ፣ ማውሱ ደግሞ ከቀኝ ትከሻዎ ትይዩ ይሁን። ማታ መብራት አጥፍቶ የሚጫወት ሰው ቁልፎቹ ከሥር የሚበሩ ኪቦርድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን መብራቱ ባትሪ ክፉኛ ስለሚበላ ዝቅ አድርጎ ማብራት ወይም ኤፍና ጄ ላይ ያሉትን ጉብታዎች በጣት መልመድ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቴሌቪዥኑን ለጌም ያስተካክሉት

ማውስ በ1 ሚሊሰከንድ መልእክቱን አድርሶ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ብዙ አሥር ሚሊሰከንዶች ቢወስድ ትርፉ ምንድን ነው? በየሰከንዱ 60 ምስል በሚያሳይ ቴሌቪዥን ላይ የአንዱ ምስል ዕድሜ ራሱ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን ያብሩ፤ ምስሉን የሚያለሰልሱትንና ጥራት እንጨምራለን የሚሉትን ምርጫዎች ሁሉ ያጥፉ። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 የተባለው የቴሌቪዥን መገናኛ ደረጃ ኮንሶሉ ወይም ኮምፒውተሩ ጌም መጀመሩን ነግሮት ቴሌቪዥኑ በራሱ ወደ ጌም ሞድ እንዲገባ የሚያስችል አሠራር አለው፤ ሆኖም የጌም ሞዱ በእርግጥ መብራቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ቴሌቪዥኑ ለኤችዲኤምአይ መግቢያው ስም የሚያስመርጥ ከሆነ «ፒሲ» የሚለውን ይስጡት፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ያን ጊዜ ባለቀለም ጽሑፍን ሳያደበዝዙ ያሳያሉ። የዊንዶውስ ታስክባር ግማሹ ከስክሪኑ ውጪ ተቆርጦ ከታየ ቴሌቪዥኑ ምስሉን አጉልቶ ጠርዙን እየቆረጠ ነውና የምስሉን መጠን ወደ ሙሉ ልኩ ይመልሱት። ከሶፋው ላይ ጽሑፍ ለማንበብ አንገትዎን የሚያሰግጉ ከሆነ፣ 3840 በ2160 ነጥብ ባለው ቴሌቪዥን ላይ የዊንዶውስን ማጉያ ከ200 እስከ 300 ከመቶ ያድርጉት፤ በጌሙ ውስጥም የጽሑፍና የካርታ መጠን የሚጨምር ምርጫ ካለ ይጠቀሙበት።

በመንገዴ ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልበል፦ የብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ከምስሉ በብዙ ያስቀረዋል፣ ከዚህም በላይ የኪቦርዱንና የማውሱን ሞገድ ይሻማል። ባለገመድ ማዳመጫ ቢገኝ ሁለቱም ችግር ይወገዳል።

ደረጃ 7፦ የማውሱን ፍጥነት ለጠባብ ቦታ ይለኩት

ጠረጴዛ ላይ ሰፊ ፓድ የለመደ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ይታፈናል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን እንደገና መለካት ያስፈልጋል። በቅድሚያ በዊንዶውስ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን የተባለውን ምርጫ ያጥፉ፤ ይህ ምርጫ እጅ በፈጠነ ቁጥር ጠቋሚውን ከልኩ በላይ ስለሚያርቀው እጅ ርቀቱን እንዳይለምድ ያደርጋል።

ዲፒአይ ማለት ማውሱ 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ የሚቆጥረው ነጥብ ነው። 800 ዲፒአይ ላይ ያለ ማውስ 3840 ነጥብ የሚሰፋውን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር፣ 1600 ላይ ያለው ደግሞ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ለሶፋ 1600 ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በጌሙ ውስጥ ያለውን ፍጥነት ማስተካከል ነው፦ ጌሙን ከፍተው በአንድ በርቀት ባለ ምልክት ላይ ዒላማውን ያሳርፉ፣ ማውሱን ከፓዱ የግራ ጠርዝ ላይ አድርገው በቀስታ ወደ ቀኝ ይጎትቱ፣ ገጸ ባሕርዩ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ወደዚያው ምልክት ሲመለስ ማውሱ ምን ያህል እንደሄደ በማስመሪያ ይለኩ። ከ20 እስከ 24 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለዚህ ሰሌዳ ተስማሚ ነው፤ ከኋላ የመጣን ለመመለስ ግማሹ ማለትም 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃልና ከፓዱ አይወጡም። ቁጥሩ ከበዛ የጌሙን ፍጥነት ጨምረው፣ ካነሰ ቀንሰው ደግመው ይለኩ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይንኩት፤ በየቀኑ የሚለዋወጥ ፍጥነት እጅን አያስተምረውም።

ደረጃ 8፦ አቀማመጥዎን ያስተካክሉ

ሶፋ ሰውነትን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ወገብ ይጎብጣል። ከወገብዎ ጀርባ ትንሽ ትራስ ያድርጉ፣ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ክርንዎ በጎንዎ ወርዶ ወደ ቀጥታ ማዕዘን ይጠጋ። የቀኝ ክንድዎን ከፍ ባለው የሶፋ ክንድ ላይ አስደግፈው የሚጫወቱ ከሆነ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ እየተገፋ ነው፤ በመግቢያው ላይ ያነሳሁት የትከሻ ሕመም ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ወደ ሶፋው መሃል ይጠጉ። አልፎ አልፎም ሰሌዳውን አስቀምጠው ይነሱ።

ደረጃ 9፦ ባትሪና እንቅልፍ

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማውስ ካለዎት ሁለት ጥንድ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ይያዙ፤ አንዱ ማውሱ ውስጥ፣ ሌላው ቻርጀሩ ላይ ይሁን። ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ባትሪ 1.2 ቮልት፣ ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ የማውሱ የባትሪ ማሳያ አዲስ የተሞላውን እንኳ ጎደሎ አድርጎ ቢያሳይ ዕቃው አልተበላሸም። አንድ ኤኤ (AA) መጠን ያለው አልካላይን ባትሪ ከ20 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ማውሱ በአንድ ባትሪም የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛውን ማውጣት እጅን ያቀልለታል። መልእክት የሚልክበትን ብዛት ከ1000 ወደ 500 መቀነስ ደግሞ ባትሪውን በግልጽ ያስረዝመዋል፤ ከሶፋ ርቀት ልዩነቱን የሚያይ ሰው እኔ አላገኘሁም።

ኮምፒውተሩን ከሶፋው ሳይነሱ ለመቀስቀስ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የኪቦርዱን ፓወር ማኔጅመንት ከፍተው መሣሪያው ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት ያድርጉ፤ ለማውሱ ግን ይህንኑ ያጥፉ፣ አለዚያ ሰሌዳውን ባነሱ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሌሊት ይነሳል።

ደረጃ 10፦ ችግር ሲመጣ ምንጩን ይለዩ

ማውሱ እንደገና መንገጫገጭ ሲጀምር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይነካኩ። ሰሌዳውን እንዳለ ይዘው ከዶንግሉ ግማሽ ሜትር ላይ ቁሙና ይሞክሩት። ችግሩ እዚያ ከጠፋ የሞገድ ጉዳይ ነውና ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ፤ አዲስ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ መኖሩንም ይዩ። እዚያም ከቀጠለ ባትሪውን ይቀይሩ፣ ከዚያ ማውሱን ገልብጠው የሴንሰሩን ቀዳዳ በብርሃን ይመልከቱ፤ ከሶፋና ከብርድ ልብስ የሚመጣ አንድ ክር ብቻ ቀዳዳው ውስጥ ቢጋደም ጠቋሚውን ያስደንሰዋል፣ እርሱም በደረቅ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይወጣል። ጠቋሚው ለስላሳ ሆኖ ነገር ግን ሁሉ ነገር የዘገየ ከመሰለዎ ደግሞ ጥፋቱ የማውሱ አይደለም፤ ሪሞቱን ያንሱና ጌም ሞዱ እንዳልጠፋ ይመልከቱ፤ የኤችዲኤምአዩን ገመድ ወደ ሌላ መግቢያ ባዛወሩ ቁጥር ብዙ ቴሌቪዥኖች ያንን ምርጫ ለአዲሱ መግቢያ እንደ አዲስ ይጠይቃሉና።